ለልጄ፣ ስለተደፋው ቱና

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእናትህም ጉልበት ተሽሏታል።

እኅትህ ሁሉንም ነገረችን። ሼፉ የቆራረጥከውን አንድ ትሪ ቱና በሰው ፊት ቆሻሻ ውስጥ ደፋብኝ፣ ዱባይን ለቅቄ እመጣለሁ ብለሃል አሉ። በሰው ፊት መዋረድ ያማል፣ ይገባኛል። ግን ትሪው ከማቀዝቀዣ ውጭ ስንት ሰዓት እንደቆየ ስትጠይቅህ «ትንሽ ነው» ብለህ አለፍካት። ልጄ፣ ዓሣው ከበረዶ አይራቅ! በዚህ ነገር እኔም ከሼፉ ጋር ነኝ።

ቱናና ማኬሬል ሥጋቸው ውስጥ ሂስቲዲን የሚባል ነገር በብዛት አለ። ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ ሲያልፍ ባክቴሪያ ይህን ወደ ሂስታሚን ይለውጠዋል። ሂስታሚኑ አንዴ ከተፈጠረ ብትጠብሰውም ብትቀቅለውም፣ መልሰህ በረዶ ቤት ብትከተውም አይጠፋም። ዓሣው ላይሸት ይችላል፤ የበላው ሰው ግን ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልቡ ይመታል። ሼፉ በዓይኑም በአፍንጫውም ሊለየው ስለማይችል ደፋው። ሌላ ምን ያድርግ?

ስለዚህ አሁን የምትቆርጠውን ቁራጭ ብቻ አውጣ። ቀሪውን በወጥ ቤት ወረቀት፣ ከዚያ በፕላስቲክ ጠቅልለህ በረዶ ላይ አስተኛው። የቀለጠው ውኃ ሥጋውን አይንካው፤ ቀለሙንም ጣዕሙንም ያጥበዋል። ረጅሙን ቢላ ከተረከዙ እስከ ጫፉ አንድ ጊዜ ሳብ፤ እንደ መጋዝ ከመለስከው ሥጋው ይፈረካከሳል።

የሐዋሳውን የአሞራ ገደል ዓሣ በጥሬው ለጓደኞችህ ልትሠራም አስበሃል አሉ። ተው! የሐይቅ ዓሣ ትል ይኖርበታል፤ ጃፓኖቹም የሐይቅና የወንዝ ዓሣ በጥሬው ለመብላት ይጠነቀቃሉ። የባሕር ዓሣም ቢሆን አኒሳኪስ የሚባል ትል ሊኖረው ይችላል። ኮምጣጤ አይገድለውም፣ ሚጥሚጣም አይገድለውም። የሚገድለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን፣ ወይም ጠጣር ሆኖ ከቀዘቀዘ በኋላ ከዜሮ በታች 35 ላይ 15 ሰዓት ማቆየት ነው። የቤት ፍሪዘር ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ላይ ይቆማል፣ አትመነው።

«እኔ የራሴን ምግብ መፍጠር እፈልጋለሁ፣ እነሱ አጥንት ያስለቅሙኛል» ማለትህ ደግሞ ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ጃፓናዊውን ሼፍ ኖቡ ማትሱሂሳን ታውቀዋለህ፤ ዛሬ ስሙ በየአገሩ ተሰቅሏል። ቶኪዮ ሺንጁኩ ውስጥ ሱሺ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ ዕቃ ማጠብ ነበር። በ1973 ፔሩ ሄደ። ሊማ ላይ ሎሚውንና ቃሪያውን አገኘና ከጃፓኑ ቢላ ጋር አገናኛቸው። ከዚያ አርጀንቲና፣ ከዚያ አላስካ። አንኮሬጅ ላይ የከፈተው ምግብ ቤት ሁለት ወር ሳይሞላው ተቃጠለ፤ ኢንሹራንስ አልነበረውም። ራሱን ለማጥፋት እስከማሰብ ደርሶ ነበር፤ ያቆሙት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። ልጄ፣ ሰው በሙያው ሲሰበር እንዲህ ነው የሚሰበረው፤ አንተም ሲከፋህ በመልእክት አትጻፍልን፣ ደውል። በሌሊትም ቢሆን ደውል። ኖቡ ሎስ አንጀለስ ገብቶ ለሌላ ሰው ሠራ፤ ማትሱሂሳ የሚባለውን የራሱን ምግብ ቤት ቤቨርሊ ሂልስ ላይ የከፈተው በ1987 ነው።

እዚያ አንዲት ሴት ጥሬ ዓሣ አልበላም ብላ ሳሺሚውን፣ በስሱ የተቆረጠውን ጥሬ ዓሣ፣ መለሰችበት። እሱ የወይራ ዘይት አግሎ ላዩ ላይ አፈሰሰበት፤ ላዩ ሲበስል ውስጡ ጥሬ እንደሆነ ቀረ፣ እሷም በላችው። ይህን ሊፈጥር የቻለው የዓሣውን ስስነት በልኩ የመቁረጥ እጅ ስለነበረው ነው። ወፍራም ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ምንም አያደርገውም ነበር።

ስሙን ያስጠራው ሚሶ (የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ) የተቀባው ብላክ ኮድ የሚባለው ቅባታም ዓሣም ከጃፓኗ ከተማ ከኪዮቶ የቆየ ሙያ የመጣ ነው። በዕረፍትህ ቀን ሥራው። ሦስት አራተኛ ኩባያ ሳኬ (የሩዝ መጠጥ) እና ያንኑ ያህል ሚሪን (ጣፋጭ የሩዝ ወይን) አፍልተህ አልኮሉ እስኪተን 20 ሰከንድ ያህል ቆይ። እሳቱን ቀንሰህ 2 ኩባያ ነጭ ሚሶ በእንጨት ማንኪያ አሟሟ። ከዚያ እሳቱን ጨምረህ 1 ከሩብ ኩባያ ስኳር ጨምር፤ ማማሰሉን ካቆምክ ሥሩ ያርራል። ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን ከቀባኸው ዓሣውን ታሞቀዋለህ፣ ያልኩህን ታውቃለህ። ላዩን በወረቀት ያደረቅከውን ፊሌቶ ቀብተህ ማቀዝቀዣ ውስጥ 2 ወይም 3 ቀን አስቀምጥ። ስትጋግር ሚሶውን በእጅህ ጥረግ እንጂ በውኃ አታጥበው። ብዙ ከተውክበት ግን ስኳሩ ዓሣው ሳይበስል ይከስላል። ላዩ ሲጠቁር ምድጃውን 200 ዲግሪ አድርገህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጨርሰው። ቅባት የሌለው ዓሣ ለዚህ አይሆንም፣ ይደርቃል።

አንድ ቴርሞሜትር ዛሬውኑ ግዛ፣ ገንዘብ ካጠረህ ንገረን። ነገ ጠዋት ከሁሉም ቀድመህ ግባና ሼፉን ይቅርታ ጠይቅ፤ ቱናውን ማን እንዳየው አታስብ። እናትህ የላከችው ሚጥሚጣ በእኅትህ እጅ ይደርስሃል፤ ዓሣ ላይ ከመነስነስህ በፊት ለእሱ አስቀምሰው። ደግሞም ዓሣው ከበረዶ አይራቅ።

አባትህ