ታንከር ውስጥ የሚቃጠለው ፓምፕ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እኔ በምኖርበት በደብረ ማርቆስ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ግቢ ውስጥ የምድር ታንከር አሠርቶ ውሃውን በፓምፕ ወደ ሮቶ መግፋት የተለመደ ሆኗል። ብዙዎቻችን ለዚህ የምንገዛው ለጥልቅ ጉድጓድ የተሠራውን ባለ 4 ኢንች ሰብመርሲብል (ውሃ ውስጥ ሰምጦ የሚሠራ) ፓምፕ ነው፤ ድምፁ አይሰማም፣ ቦታም አይሻማም። የእኔው ግን በ14 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። በሁለተኛው ጊዜ ሞተር የሚጠቀልለው ባለሙያ ሲፈታው አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ የሞተሩ መዳብ ሽቦ የተለበጠበት ቫርኒሽ ከሰል መስሏል፣ ሽታውም አፍንጫ ይሰነፍጣል። ውሃ ውስጥ የሚውል ዕቃ፣ ያውም በጮቄ ብርድ፣ እንዴት በሙቀት ይቃጠላል ብዬ ሻጩን ብጠይቀው «መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነው» አለኝ። መብራቱ ንጹሕ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው።

የዚህ ዓይነት ፓምፕ ሞተሩ ከታች፣ ውሃ የሚስብበት ወንፊት ደግሞ ከሞተሩ በላይ ነው። በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ከታች የሚመጣው ውሃ የሞተሩን ገላ እየታከከ ሲያልፍ ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል፤ ሰፊ ታንከር ውስጥ ግን ውሃው ከጎንና ከላይ በቀጥታ ወደ ወንፊቱ ስለሚገባ፣ ሞተሩን የከበበው ውሃ ባለበት ይቆማል። አምራቾች እንደ ሞተሩ ዓይነት በዙሪያው ያለው ውሃ በሰከንድ ቢያንስ ከ8 እስከ 15 ሴንቲሜትር እንዲጓዝ የሚጠይቁት፣ ቀዝቃዛ ውሃም ቢሆን ካልፈሰሰ በወጉ ስለማያበርድ ነው።

መፍትሔው ሞተሩንና ወንፊቱን የፒቪሲ ቱቦ ማልበስ ነው። የሞተሩ ውፍረት 95 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ባለ 125 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይበቃዋል። ቱቦው ከወንፊቱ በላይ በጎማና በፋሸታ ተጠፍንጎ ሲዘጋና ከታች ክፍት ሲተው፣ ውሃው በሞተሩ ጎን ከማለፍ በቀር መንገድ የለውም። የታችኛው ጫፍ ደለል እንዳይስብ ከወለሉ ከፍ ይበል፤ ፍሎተሩም (በውሃው ከፍታ የሚሠራው ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ) ውሃው እስከ ወንፊቱ ከመውረዱ በፊት ፓምፑን እንዲያጠፋ ሆኖ ይታሰር። ታንከሩ አጥሮ ፓምፑን ማጋደም የግድ ከሆነ፣ ሁሉም ሞተር ተጋድሞ መሥራት ስለማይችል አስቀድሞ መመሪያውን ማየት ይገባል።

የሸጠልኝም የገጠመልኝም ሰው ይህን አላነሡልኝም፤ መመሪያው ግን ከነሥዕሉ ካርቶኑ ውስጥ ነበር። ሻጮቻችን «የት ልታስገባው ነው?» ብለው ቢጠይቁና ታንከር ነው ላላቸው ሰው አንድ ሜትር ተኩል ቱቦ አብረው ቢሸጡለት እነርሱም አይጎዱም። እኔ ቱቦውን ያስገጠምኩት የጥቅልል ሒሳብ ሁለት ጊዜ ከከፈልኩ በኋላ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ