በዳጣው ውስጥ ስለምታዩት ነጭ ነገር፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር ጀምሮ የምትረከቡት ዳጣ ከላይ ያለው ውሃ ደፍረስ፣ ነጣ ብሎ ይታያችኋል። አልተበላሸም። ዳጣው ቶሎ እንዳይበላሽ የምንጨምርበትን ማቆያ ስለቀየርን ነው። ከቀፊራ እስከ ሐረር ፈረስ መጋላ ያላችሁ ባለሱቆችና ባለሆቴሎች እየደወላችሁ ስለጠየቃችሁን፣ አንዴ በጽሑፍ ብንመልስ ይሻላል ብለናል።

እስካሁን የምንጨምረው ሶዲየም ቤንዞኤት ነበር። መርዝ ነው የሚለውን ወሬ አትስሙ፤ በተፈቀደው መጠን በብዙ አገር ይሠራበታል። ግን ምላስ ላይ የሚቀረውን ጣዕም ብዙዎቻችሁ አልወደዳችሁትም። እውነት ለመናገር እኛም አልወደድነውም።

አዲሱ ቲሞል ይባላል። እንግዳ አይደለም። ጦስኝ ወይም ነጭ አዝሙድ በእጃችሁ ስታሹ የሚሸታችሁ እሱ ነው። ቲሞል የባክቴሪያውን ሽፋን ያሳሳና ውስጡ ያለው እንዲፈስ ያደርጋል። «ዳጣው ውስጥ ድሮም ነጭ አዝሙድ ነበር አይደል?» ትሉ ይሆናል። ነበር። ግን ከዘሩ የሚወጣው ዘይት ከመቶ 2 እስከ 4 ቢሆን ነው፤ ቲሞሉ ደግሞ የዚያው ግማሽ ያህል ነው። ለቅመም የምንጨምረው ያጣፍጣል እንጂ ዳጣ አያቆይም።

ዘይቱን በብዛት እንጨምር ቢባል ሌላ ጣጣ አለው። ቲሞል ከውሃ ጋር አይስማማም። ሄዶ ዳጣው ውስጥ ካለው የምግብ ዘይት ጋር ይደባለቃል፤ ባክቴሪያው ግን የሚራባው ውሃው ውስጥ ነው። መጠኑን ከፍ ካደረግነው ደግሞ ዳጣው የሳል ሽሮፕ ይሸታል።

በቆሎ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዜይን የሚባል የበቆሎ ፕሮቲን አለ። ከ1821 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ክኒንና ከረሜላ ለመሸፈን ሲያገለግል ኖሯል። ጠባዩ ለየት ይላል። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ከ70 እስከ 80 በመቶ አልኮል ውስጥ ግን ይሟሟል። አምራቾቹ ዜይኑንና ቲሞሉን አብረው በአልኮል ያሟሙና እያማሰሉ ውሃ ውስጥ ያፈሱታል። ውሃው ሲበዛበት ፕሮቲኑ ሟሙቶ መቆየት አይችልም። ቲሞሉን እንደያዘ ይሰበሰብና ቅንጣት ይሆናል። የአንዷ ስፋት ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር ገደማ ነው (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። ቅንጣቶቹ ውሃው ውስጥ ይበተናሉ፣ ቲሞሉንም ቀስ እያሉ ይለቁታል። ሽታውም አያፍንም። ያ ነጭ ነገር እነሱ ናቸው። ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርጉት፣ በቃ።

አልኮሉስ? ቅንጣቱ ከተሠራ በኋላ ተንኖ ይወጣል፤ ማቆያውም ደርቆ በዱቄት መልክ ነው የሚደርሰን። ግን በሥራው መሃል አልኮል መኖሩን አንደብቃችሁም። ይበላል አይበላም የሚለውን ለእናንተና ለሼኾቻችሁ እንተዋለን። ለማይፈልግ ሰው ምንም ማቆያ የሌለበት ትንሹ ጠርሙስ አለ፤ እሱ ግን ቶሎ ማለቅ አለበት።

የጾም ነገርም ተጠይቀናል። ዜይን ብቻውን ሲሆን ስለሚጓጉል፣ ብዙ አምራቾች ከወተት የሚወጣ ኬዚኔት ይጨምሩበታል። እኛ እሱን አልወሰድንም። የያዝነው በግራር ሙጫ የተሠራውን ነው። ስለዚህ ጾመኞች፣ ሐሳብ አይግባችሁ።

ሎሚውና ኮምጣጤው እንዳለ ነው። ነጭ ሽንኩርት ያለበት ነገር አሲዱ ካነሰና አየር ካላገኘ፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል። እሱን የሚያግደው ፒኤቹ (የአሲዱ መለኪያ፣ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ4.6 በታች መሆኑ ነው፤ በየዙሩ ሳንለካ አናሽግም። ቲሞሉ እዚያ ላይ ረዳት ነው፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

ፍሪጅም አልቀረም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ 35 ዲግሪ ስትገባ ቲሞሉም ቶሎ ያልቃል። መስኮት ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ አትደርድሩት። ሐረሮች አየሩ ያግዛችኋል፤ ቢሆንም ከተከፈተ ፍሪጅ ነው። ክዳኑ ካበጠ፣ ሲከፈት ጋዝ ካወጣ ወይም ሻጋታ ካያችሁ አትቅመሱት። መልሱልን፣ በሌላ እንቀይራለን።

ማቆያው ከቤንዞኤት ስለሚወደድ ትልቁ ጠርሙስ ላይ ትንሽ ጨምረናል። የትንሹ ዋጋ አልተነካም። በእጃችሁ ያለው የድሮው ዳጣ ቀኑ እስኪያልፍ ሊሸጥ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዳጣ ቤቱ ባለቤትና ሠራተኞች፣ ድሬዳዋ