የሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባችን የዘንድሮ ዋና ሥራ በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖሩ የትውልደ ኢትዮጵያውያን ልጆች ጋር በኢንተርኔት አንድ የሠርግ ዘፈን መሥራት ነበር። ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ ከእኛ፤ ድምፅና ቤዝ ጊታር ከእነሱ። ቀጠሯችን ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ እዚያ ገና ጠዋት ነው። በጥቅምት መጨረሻ የአሜሪካ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ልጆቹ አንድ ሰዓት ቀድመው መነሣት ግድ ሆነባቸው፤ ተነሡም።

ተማሪዎቻችን በቪዲዮ ጥሪ እኩል ለመጫወት ጓጉተው ነበር። ከበሮው ችክችካውን ሲጀምር ማዶ ያሉት ያጨበጭባሉ፤ ጭብጨባው እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ምቱ አልፏል። አንዱ ሌላውን ሊጠብቅ ሲል ዘፈኑ እየተጎተተ ይቆማል። ሁሉም በኔትወርክ አማረረ። ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከዚያ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድምፁ በፋይበር ገመድ ያለ አንዳች እንከን ቢጓዝ እንኳ 60 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። መዘግየቱ ከ30 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ደግሞ ተጫዋቾች ምት መጠበቅ ይቸግራቸዋል። ይህን ከፊዚክስ መምህራችን ጋር በሰሌዳ ላይ ካሰላን በኋላ በየተራ ወደ መቅዳት ዞርን።

ከበሮው በሜትሮኖም (እኩል ምት በሚቆጥር መሣሪያ) ቀድሞ ይቀዳል። ሌሎቹ እሱን በኢርፎን እየሰሙ የየራሳቸውን ይቀዳሉ፤ ከመጀመራቸው በፊት ከምቱ ጋር ሦስት ጊዜ ያጨበጭባሉ። ጭብጨባው ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ላይ ሾል ሾል ብሎ ስለሚታይ ቅጂዎቹን ማገጣጠም አያስቸግርም። በቴሌግራም ስንላላክ በድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይል ነው፤ የድምፅ መልእክት ሲጨመቅ የማሲንቆው ጥራት ይጠፋል።

ብዙ ያከራከረን፣ እኔንም እጅግ ያስደሰተኝ፣ የቅኝት ጉዳይ ነው። ዘፈኑ በባቲ ቅኝት ነው። ማዶ ያለው ድምፅ ቀራፂ ማሲንቆውን በሶፍትዌር ሊያስተካክል ብሎ እያንዳንዱን ድምፅ ወደ ፒያኖ ኖታ ሳበው። የ9ኛ ክፍሏ ማሲንቆ ተጫዋች ስትሰማው፣ «ቲቸር፣ ይሄ የእኔ እጅ አይደለም» አለች። እውነቷን ነው፤ ማሲንቆ ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚንሸራተትበት መንገድ ከተቆረጠ ለዛው የለም። ተነጋግረን ያልተነካው ቅጂ ተመለሰ፤ ቤዙም ራሱን ለክራሩ ቃኘ። ልጆቹ ይህን ውሳኔ ራሳቸው በመወሰናቸው ኮራሁባቸው።

ዘፈኑ በሰኔ የወላጆች ቀን ተደመጠ። ለመጪው ዓመት ዋሽንት ለመጨመር አስበናል። የዋሽንት ድምፅ በቀዳዳዎቹ የተወሰነ በመሆኑ ሌላው ሁሉ ለእሱ መቃኘት አለበት፤ ስለዚህ ዋሽንት የምትነፉ ተማሪዎች ቀረጻ ሳይጀመር፣ በመስከረም መጀመሪያ ተመዝገቡ።