ሮቢኒያ ወደ አዊ ከመምጣቱ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ከአውስትራሊያ የመጣው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዝርያ ዛፍ በአዊ ዞን ብዙ ገበሬን በከሰል ጠቅሟል፤ ይህን ያዩ አንዳንድ ወገኖች አሁን ደግሞ ሮቢኒያ የተባለውን የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ለአጥር ቋሚ እንድንተክል ይመክራሉ። ምክራቸው መሠረት አለው። በአፓላቺያ ተራሮች በተፈጥሮ የሚበቅለው ይህ ዛፍ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ አፈር ያለማል፤ የግንዱ ውስጠኛ ቢጫማ እንጨትም መበስበስን የሚከላከሉ ተፈጥሯዊ ኬሚካሎችን ስለያዘ፣ ምንም መድኃኒት ሳይቀባ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ለአሥርት ዓመታት ይቆማል። በሀንጋሪ ከደኑ አንድ አራተኛ ያህሉ እርሱ ነው፤ ከአበባው የሚገኘው ነጣ ያለ ማርም ዝነኛ ነው፤ ንብ ማነብን ለሚያውቅ ጎጃሜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ቅርፊቱ፣ ቅጠሉና ዘሩ መርዛም ናቸው፤ በተለይ ቅርፊቱን የጋጠ ፈረስ ክፉኛ ይታመማል፣ ሊሞትም ይችላል። ፈረስ የክብርም የሥራም አጋር በሆነበት በአገው ምድር፣ ይህን ዛፍ ፈረስ በሚታሰርበት አጥር ዙሪያ መትከል እጅግ ያሳስበኛል። ከዚህም በላይ ሲቆረጥ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ስለሚስፋፋ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ወራሪ ተብሏል። ስለዚህ ችግኙ ለገበሬ ከመታደሉ በፊት የደን ባለሙያዎችና የእንስሳት ሐኪሞች በተከለለ ቦታ አብረው እንዲሞክሩት፣ እስከዚያውም ለቋሚ የሚሆነን የአበሻ ጽድና ወይራ በብዛት እንዲተከል አጥብቄ እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከእንጅባራ