«በጥንቃቄ ጉድለት» ከሚለው ቃል ወዲያ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሰሜን ሸዋ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ የአሸዋና የካባ (የድንጋይ ማውጫ) ሥራ ይጧጧፋል። ፀሐይ ስለወጣ ግን መሬቱ ደርቋል ማለት አይደለም፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ገና ውስጥ ነው። ናዳ ሰው ሲገድል ዘገባው «አደጋው በጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ ነው» ይልና ያበቃል። ምርመራ መጀመር የነበረበት እዚያ ላይ ነው።

የሰው ስህተት አንድ ዓይነት አይደለም። ሾፌር ወደፊት የሚሄድ መስሎት የኋላ ማርሽ ያስገባል፤ ወይም ታኮ ማድረጉን ረስቶ ይወርዳል። እነዚህን ቁጣ አያስቀራቸውም፤ ሰውዬው ሊሳሳት አላሰበማ። የሚያድነው በገደሉ ጠርዝ የሚከመር የአፈር ግንብ ነው፤ ቁመቱ ቢያንስ የትልቁን መኪና ጎማ ግማሽ መድረስ አለበት።

እያወቁ የሚፈጸመው ስህተት ግን ሌላ ነው። ከላይ ጠጣር አፈር፣ ከሥሩ ለስላሳ አሸዋ ባለበት ቦታ ቆፋሪው በዶማ ሥሩን ይቦረቡራል፤ የላዩ በራሱ ክብደት ሲወርድ ጉልበት ይተርፋል። አደገኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ለምን ያደርገዋል? ክፍያው በቢያጆ፣ ማለትም በተጫነው መኪና ልክ፣ ስለሆነ ነው። የላዩን አፈር ሲገፍ የዋለ ሰው ምንም አልጫነም፤ ስለዚህ ምንም አያገኝም። እንዲህ ያለ ውል ይዘን «ተጠንቀቁ» ማለት ምክሩንም መካሪውንም ያስንቃል። የአፈር ገፈፋ ራሱን የቻለ ዋጋ ይውጣለት፤ በእኛ እምነት ከሄልሜት ይልቅ ብዙ ሕይወት የሚያተርፈው ይህ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ቁፋሮው ከላይ ወደ ታች በደረጃ ይውረድ። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር፣ ዝናብም በዘነበ ቁጥር፣ አንድ ሰው ከጠርዙ ራቅ ብሎ አዲስ ስንጥቅ መኖሩን ይይ። ከግድግዳው ትናንሽ ጠጠር መንጠባጠብ ከጀመረ ሁሉም ወዲያው ይውጣ፤ ዲጂኖና አካፋውን ለማንሣት መመለስ የለም። አንድ ሜትር ኩብ አሸዋ 15 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ደረቱ ድረስ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ከላይ ቢሆንም መተንፈስ ያቅተዋል።

በመዘዞ አካባቢ እንደሚታየው ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ፍለጋ ወደ ተራራው ሆድ ሲገባ አየሩም ይገድላል። በነዳጅ የሚሠራ ሞተር በጉድጓድ ውስጥ በፍጹም አይነሣ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጓደኛው ሲወድቅ አይቶ ተከትሎ የሚገባ ሰው አብሮት ይቀራል። ከጉድጓዱ አፍ ያለው ሰው ገመዱን ይሳብ እንጂ አይግባ። ለዚህም ገመዱ አስቀድሞ ከቆፋሪው ወገብ ጋር መታሰር አለበት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደኅንነት ግዴታን በአሠሪው ላይ ይጥላል። በማኅበር ተደራጅተው የሚቆፍሩት ወጣቶች ግን አሠሪም ሠራተኛም ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ቦታውን የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት የደረጃውን ከፍታና የገፈፋውን ክፍያ በፈቃዱ ላይ ይጻፍ፤ ከክረምት በኋላም ሳያይ አያድስ።

ጋዜጣችሁም የናዳ ዜና ሲደርሳችሁ ከሟቾቹ ቁጥር ጋር እነዚህን ጠይቁልን፦ ቁፋሮው ከላይ ነበር ወይስ ከሥር? ክፍያውስ በምን ነበር? ጠዋት ስንጥቁን ያየው ማን ነው?

የማዕድን ሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን