ጀሶው ታሰረ፤ ስለ ምግቡስ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የሰባት ዓመት ልጄ ባለፈው ወር እዚሁ አራት ኪሎ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ወድቆ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ራጅ ተነሣ፣ ጀሶ ታሰረለት፤ ሐኪሞቹን አመሰግናለሁ። ግን ምን እንደሚበላ፣ ፀሐይ ያገኝ እንደሆነ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ መኪናውን ይነዳል። ፀሐይ እየሞቀ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል! ቫይታሚን ዲ ካነሰ ደግሞ አንጀት አጥንት የሚጠነክርበትን ካልሲየም በደንብ አይወስድም። ከ4 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል። ወተት ለከበደው ቤት ጎመን፣ ያልተፈተገ ሰሊጥና የጤፍ እንጀራ ያግዛሉ።

ልጅ ይወድቃል፤ ስብራት ሁሉ ከምግብ ነው አልልም። ነገር ግን አጥንት ሐኪሞቻችን ጀሶ ሲያስሩ «ምን ይበላል? የት ይጫወታል?» ብለው እንዲጠይቁን፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎችም የልጆቹን ሜዳ ለመኪና ማቆሚያ እንዳይሰጡብን እለምናለሁ።

አንዲት እናት፣ ከአራት ኪሎ