ፌራሪው በር ላይ፣ ኮርቬቱ ምድር ቤት

ለውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበትም ተሽሎታል፤ አታስቢ።

ትናንት ማታ ስትደውዪ ያልሽኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። "አባዬ፣ ተራ መኪና የሚሸጥ ኩባንያ ፌራሪን የሚፎካከርበት የስፖርት መኪና ማስታወቂያ ላይ መደቡኝ። አንተ እነዚህን መኪኖች ሁሉ ነድተሃል። ምን ብዬ ልጻፍ?" አልሽኝ። በስልክ ቶሎ የሚመለስ አልሆነልኝም። እንቅልፍም እምቢ ሲለኝ ተነሥቼ ሻይ አፈላሁና ይኸው ተቀመጥኩ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

አንቺ ትንሽ ልጅ ሳለሽ ዋሽንግተን ዲሲ መሃል አንድ ሆቴል በር ላይ ቫሌ፣ የእንግዶችን መኪና ተቀብሎ የሚያቆም ሠራተኛ፣ ሆኜ እሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ። ፈረቃዬ የማታ ነበር። አለቃችን አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረው። ፌራሪ ወይም ላምቦርጊኒ ከመጣ በሩ ፊት ለፊት፣ መብራቱ ሥር ይቆማል። ሌላው ሁሉ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። እንዲህ ያለ መኪና በር ላይ ሲቆም ሆቴሉም ከፍ ብሎ ይታያል ብሎ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማታ ሁለት መኪኖች ተከታትለው መጡ። ፊተኛው ቀይ ፌራሪ 360 ሞዴና ነው። ኋለኛው የአሜሪካው ሸቭሮሌት የሚሠራው ቢጫ ኮርቬት ዚ ዜሮ ስድስት፣ የ2002 ሥሪት። የፌራሪው ሞተር 400 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የኮርቬቱ 405። ዋጋውን ካየሽ ግን ፌራሪው የኮርቬቱን ሦስት እጥፍ ገደማ ያወጣል። ይህን ሁሉ ያኔ ከመኪና መጽሔት አንብቤ በቃሌ አውቀው ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሕግ ሕግ ነው። ፌራሪውን በር ላይ አቆምኩት። የኮርቬቱን ቁልፍ ስቀበል ባለቤቱ፣ አንድ ሸበቶ ሰውዬ፣ ከሚስቱ ጋር ቆሞ "የእኔስ እዚህ አይቆምም?" አለኝ። ቦታ የለም አልኩት። ቦታ ግን ነበር። እሱም አይቶታል።

ያንቺ ሥራ እንግዲህ ለዚያ ሰውዬ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። በቁጥር የሚመለስ ቢሆን ኖሮ 405 ከ400 ይበልጣል፤ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር።

እስቲ ፌራሪ የሚሸጠው ምን እንደሆነ አስቢው። በ2024 ለዓለም ሁሉ ያስረከበው 13,752 መኪና ብቻ ነው። ቴሌቪዥን ላይ እንደ ሌሎቹ ማስታወቂያ ሲያስነግር አታዪውም። ማስታወቂያው ከ1950 ጀምሮ የሚወዳደርበት ፎርሙላ ዋን ነው። ሌላው ማስታወቂያው ወረፋው ነው። ገንዘብሽን ይዘሽ ብትሄጂም "ቆዪ" ትባያለሽ፤ ሲሉሽ ደግሞ የባሰ ያምርሻል። ሸቭሮሌት ግን ኮርቬቱን የሚያሳይሽ ከቤተሰብ መኪናና ከፒክአፕ ጎን አቁሞ ነው። ማንም ከመንገድ ገብቶ በሩን ከፍቶ ይቀመጥበታል። አንዳንድ የማስታወቂያ ሰዎች ይህን እንደ ውርደት ያዩትና ሊደብቁት ይሞክራሉ። እኔ ግን ትልቁ ሀብታቸው እሱ ነው እላለሁ። ልብሽን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ፌራሪን በራሱ ሜዳ የገጠመው ፎርድ ነው፤ እሱም በእልህ። በ1963 የፎርድ ኩባንያ አለቃ ሄንሪ ፎርድ ዳግማዊ ፌራሪን ሊገዛ ድርድር ያዘ። ሊፈራረሙ ሲሉ የፌራሪ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ የውድድር ቡድኑን የማዘዝ ሥልጣን ለሌላ አልሰጥም ብሎ ተነሣ። ፎርድም ተናዶ ጂቲ 40 የሚባል የውድድር መኪና አሠራ። በ1964 እና በ1965 ሌ ማን በሚባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር ላይ አልቀናውም። በ1966 ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ጠራርጎ ወሰደ፤ እስከ 1969 ድረስም አራት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ። ፌራሪ ያንን ውድድር መልሶ በአጠቃላይ ያሸነፈው በ2023 ነው። አሜሪካኖቹ "እሑድ አሸንፍ፣ ሰኞ ሽጥ" የሚሉት ለዚህ ነው። ግን እንዲህ ያለው ድል ወጪው አይቻልም፤ በየዓመቱም አይገኝም።

የምወደውን ልንገርሽ። ሐሙስ ሐሙስ አንዲት የጥርስ ሐኪም ብርማ አኩራ ኤንኤስኤክስ ይዛ ትመጣ ነበር። የሠራው ሆንዳ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ይሸጥ የነበረው በአኩራ ስም ነው። እሱንም አለቃችን ምድር ቤት ነበር የሚልከው። እኔ ግን ሐሙስን እጠብቅ ነበር። ጋቢና ስትገቢ ኮፈኑ ዝቅ ያለ ስለሆነ መንገዱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፍሪሲዮኑ ቀላል ነው። በሐምሌ ሙቀት ኤሲው እጅ ያቀዘቅዛል። በዚያ ዘመን ከማወርዳቸው ውድ መኪኖች አንዳንዶቹ ግራ እግሬን ያዝሉት ስለነበር፣ ይኼኛው እረፍት ነበር። አንድ ቀን ቆጣሪውን አየሁት። ከ100 ሺህ ማይል አልፏል። ገርሞኝ ስጠይቃት "በየቀኑ ሥራ እሄድበታለሁ፤ ለሌላ ለምን ይሆናል ታዲያ?" አለችኝ። ከኋላ የአስቤዛ ከረጢት ነበር።

ሆንዳ በ1990 ያንን መኪና ሲያወጣ ዒላማው ፌራሪ እንደነበር አልደበቀም። አካሉን በሙሉ ከአሉሚኒየም ሠራው። ገና ሙከራ ላይ ሳለ፣ በ1989፣ የፎርሙላ ዋኑ ሹፌር አይርተን ሴና ጃፓን ሱዙካ የውድድር ሜዳ ላይ ነድቶት ትንሽ ስስ ሆኖ ተሰማኝ አላቸው። አልተቀየሙም። ጀርመን ኑርቡርግሪንግ የሚባለው የእሽቅድምድም መንገድ ድረስ ወስደው እየነዱ አካሉን አጠነከሩት። በኋላ የመኪና ነዳፊው ጎርደን መሬይ ማክላረን ኤፍ 1 የሚባለውን የስፖርት መኪና ሲነድፍ ኤንኤስኤክስን መለኪያው እንዳደረገው ራሱ ተናግሯል። ልብ በዪልኝ። ዒላማው ፌራሪ ነበር፤ የሰጠው ነገር ግን ፌራሪ የማይሰጠውን ነው። ጠዋት ጠዋት የሚነሣ፣ ሥራ የሚያደርስ፣ ከተማ ውስጥ የማያስጨንቅ የስፖርት መኪና።

ሁለተኛው ኤንኤስኤክስ ላይ ግን የማስታወቂያ ሰዎቹ ተሳሳቱ፤ ይህንንም እወቂው። በ2012 ሱፐር ቦውል፣ የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ፣ ላይ ኮሜዲያኖቹ ጄሪ ሳይንፌልድና ጄይ ሌኖ ያሉበት ማስታወቂያ አስነገሩ። ያኔ አንቺም አይተሽው ተነሥተሽ ጨፍረሽ ነበር። መኪናው ከኦሃዮ ፋብሪካ የወጣው ግን በ2016 ነው። አራት ዓመት! ዋጋውም ከ156 ሺህ ዶላር ይጀምር ነበር። ማምረቱ በ2022 እስኪቆም በዓለም ዙሪያ ወደ 3 ሺህ ገደማ ብቻ ነው የተሸጠው። ፌራሪ ሲያስጠብቅሽ መጠበቁ ራሱ ክብር ይሆንልሻል። አኩራ ሲያስጠብቅሽ ትረሽዋለሽ። የፌራሪ ዘዴ ለፌራሪ ነው የሚሠራው።

ኒሳን ጂቲ አርንም አትርሺው። በ2007 ሲወጣ መለኪያው ፖርሽ 911 ቱርቦ ነበር። አሜሪካ ሲገባ ከ70 ሺህ ዶላር በታች ነበር የሚሸጠው። ኒሳን 20.8 ኪሎ ሜትሩን የኑርቡርግሪንግ ዙር በ7 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ ጨረስኩ አለ። ፖርሽ አላመነም። በ2008 መኪናውን ራሱ ገዝቶ ሞከረውና በእኔ እጅ 7 ደቂቃ ከ54 ፈጀበት ብሎ ለዓለም ተናገረ። ኒሳንም ኑ፣ አነዳዱን እናሠልጥናችሁ ብሎ መለሰለት። ማን እውነቱን እንደያዘ እዚህ እኔና አንቺ አንፈርድም። ግን ያ ጭቅጭቅ ለኒሳን ስንት ሚሊዮን ዶላር ያወጣ ነበር መሰለሽ? ኒሳን ቤተሰብ የሚያመላልስ መኪና የሚሸጥ ኩባንያ ነው። ፖርሽ ዞሮ "እስቲ ልየው" ያለ ቀን ኒሳን ከእሱ እኩል ቆመ። ፖርሽ ዝም ቢል ነበር የሚሻለው።

ስለዚህ "በግማሽ ዋጋ ፌራሪ" ምናምን የሚል ርዕስ እንዳትጽፊ፣ አደራ። የሰው ወርቅ አያደምቅ። ያንን ያነበበ ሰው ዓይኑ የሚሄደው ፌራሪ ላይ ነው። በደንበኛሽ ገንዘብ ፌራሪን አስተዋወቅሽለት ማለት ነው። ገዢውንም አሳዘንሽው፤ የፈለገው ቀርቶበት የቻለውን እንደገዛ ነገርሽው።

የአሁኑን ኮርቬት ውሰጂ። ዞራ አርኩስ-ደንቶቭ የሚባለው መሐንዲስ ሞተሩን ከሾፌሩ ጀርባ እናድርገው እያለ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲወተውት ኖሮ በ1996 ሳያየው ሞተ። መኪናው ይፋ የሆነው በጁላይ 2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ መነሻ ዋጋው ያኔ ከ60 ሺህ ዶላር በታች። ሁሉም "ፌራሪ መሰለ" አለ። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። ከኋላ ሁለት የጎልፍ ቦርሳ ይይዛል። ደግሞ ተጨማሪ ከፍለሽ የሚገጠም አፍንጫውን ከፍ የሚያደርግ ዘዴ አለው፤ ጉብታ ያለባቸውን ቦታዎች በጂፒኤስ እስከ 1,000 ድረስ ያስታውሳል።

ለምን እንደማረከኝ ታውቂያለሽ? ሆቴሉ ምድር ቤት መውረጃ ላይ ጉብታ ነበረች። ዝቅ ያሉትን መኪኖች በሰያፍ፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር የማሳልፋቸው። ሥሩ ሲሚንቶውን ሲልስ የሚሰማው ድምፅ ዛሬም ይሰቀጥጠኛል። እዚያ መሐንዲሶቹ መሃል የሆነ ሰው ስለዚያች ጉብታ አስቧል። እሱን ጻፊ! ፍጥነቱን ከፈለግሽም ቀላል ነው። በ2025 ዚአር1 ኤክስ የሚባለው ኮርቬት ኑርቡርግሪንግን በ6 ደቂቃ ከ49 ሴኮንድ ሲዞር መሪውን የያዘው ተቀጥሮ የመጣ እሽቅድምድመኛ አይደለም፤ የኩባንያው መሐንዲስ ነው። ይኼ ራሱን የቻለ ማስታወቂያ ነው።

ፎርድ በ2016 አዲሱን ጂቲ ሲሸጥ ግን ገዢዎችን ማመልከቻ አስሞላ። ለ500 መኪና ከ6,500 በላይ ሰው አመለከተ። መኪናው ድንቅ ነው፤ በዚያው ዓመትም ሌ ማን ላይ በምድቡ አሸንፏል። ነገር ግን ዕድሜውን ሁሉ ፎርድ ሲነዳ የኖረ ሰው "አልተመረጥክም" የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ምን እንደሚሰማው ሳስብ ይከፋኛል። በር ላይ ቆሜ ስላየሁት ነው።

ያ ሸበቶ ሰውዬ በእኩለ ሌሊት ወጣ። ኮርቬቱን ከምድር ቤት አመጣሁለት። ፌራሪው ዙሪያ ሰዎች ፎቶ ይነሣሉ። ሰውዬው ወደዚያ አላየም። "ስትወጣ ድምፁን ሰማኸው?" አለኝ። "ሰማሁት" አልኩት። ደስ አለው። 31 ዓመት ፖስተኛ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ቀን እንደገዛው ነገረኝ። ሚስቱ ብርዱ ቢይዛትም አልተቆጣችውም። ኮፈኑን ከፍቶ በስልኩ መብራት ሞተሩን እያመለከተ አሳየኝ፤ እኔም አጎንብሼ አየሁለት። ከዚያ ቀስ ብሎ ነድቶ ሄደ።

ስትጽፊ እሱን ፊት ለፊትሽ አስቀምጪው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እደውልልሻለሁ፤ ያረቀቅሽውን አንብቢልኝ። እናትሽም ትስማ።

አባትሽ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ